የማያፈስ ሳጥን

ለታናሽ ወንድሜ፣ ለእናቴ ልጅ፣ ለናፍቆቴ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ከዱቄት ጆንያ ጋር ስትታገል የያዘህ የወገብ ሕመም ለቀቀህ ወይስ ዛሬም እንደ ሽማግሌ እጅህን ወገብህ ላይ ጭነህ ነው የምትውለው? ባለቤትህ ደህና ናት? ሚጢጢስ? የፊት ጥርሷ በቀለ ወይስ አሁንም ድዷን እያሳየች ነው የምትስቀው? የዳቦ ቤቱ ሥራ፣ አዲሱ አለቃህ፣ ያ አልሞቅ ያለው ቤታችሁ፣ ሁሉም እንዴት ነው? አንድ በአንድ መልስልኝ። እንዳለፈው «ሁላችንም ደህና ነን» ብለህ በአንድ መስመር ልትገላገለኝ ብትሞክር ደብዳቤህን መልሼ ነው የምልክልህ።

እኛ ደህና ነን። ዛሬ ይህን ስልህ ከልቤ ነው፤ ሰሞኑን በስልክ ስልህ ግን ከአንገት በላይ ነበር። አንተም ሳይገባህ አልቀረም። «እማዬን አቅርቢልኝ» ባልክ ቁጥር «ተኝታለች»፣ «እየታጠበች ነው»፣ «መስመሩ እየተቆራረጠ ነው» እያልኩ ሰበብ ስደረድር ከረምኩ። እውነቱን በስልክ እንዳልነግርህ ደግሞ እማዬ ከጎኔ ናት፤ ጉልበቷ ይድከም እንጂ ጆሮዋ ግድግዳ ሰንጥቆ ይሰማል። አሁን ነገሩ መልክ ስለያዘ ከሥር ከመሠረቱ ልጻፍልህ። ረዘም ይላል፤ ሻይህን ቅዳና አረፍ በል።

እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት ወለል ተንበርክካ ስትወለውል ኖረች፤ ጡረታ ወጣች፣ አረፈች ስንል ደግሞ ጓሮዋ ውስጥ ተንበርክካ ስትኮተኩት ትውል ጀመር። በመጨረሻ ጉልበቷ አሻፈረኝ አለ። ቀዶ ጥገናው እንደተሳካ ነግሬሃለሁ፤ እሱ እውነት ነው። ያልነገርኩህ ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ከእንግዲህ መንበርከክ የሚባል ነገር የለም አላት፤ በየቀኑ ካልቆሙና ካልተራመዱ ግን ጉልበትዎ እንደ ዛገ ማጠፊያ ደርቆ ይቀራል፣ ያኔ እኔም የማደርግልዎ የለኝም አላት።

እሷ ከዚህ ሁሉ የሰማችው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከሐኪም ቤት የመጣች ዕለት ጓሮዋን በመስኮት አየችው፤ አረም ወርሶታል። መጋረጃውን ጋረደችና አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዚያ በኋላ ሥራዋ ያ ሆነ። ምርኩዟ በሩ ሥር አቧራ ጠጣ። «እማዬ፣ እስከ በሩ እንኳ እንሂድ» ስላት «በሩ ጋ ምን አለኝ?» ትለኛለች። እውነትም በሩ ጋ ምንም አልነበራትም። ካልሲ ሳለብሳት ባቷ ከቀን ወደ ቀን እየሰለለ እጄ ውስጥ ሲጠፋ ይሰማኝ ነበር፤ እንባዬን እንዳታይብኝ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ አለብሳት ነበር። እናታችን ዓይኔ እያየ የአልጋ ቁራኛ ልትሆን ነው ብዬ ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ሐሳቡ የመጣልኝ ልብስ ስቆርጥ ነው። የመቁረጫ ጠረጴዛዬ አጥሮብኝ ጀርባዬን ሲፈጀኝ ከረመና አንድ ቀን በየእግሩ ሥር ጡብ አስገብቼ ከፍ አደረግሁት። ቀና ብዬ መቁረጥ ስጀምር ጨርቁ ከነመቀሱ እጄ ላይ ቀረ። እሷ ወደ መሬት መውረድ ካልቻለች መሬቱ ወደ እሷ ይውጣ! እግር ያለው፣ ወገቧ ድረስ የሚደርስ ሳጥን ተሠርቶ አፈር ቢሞላበት፣ ቆማ ትተክላለች። ለመትከል ደግሞ የግዷን ትቆማለች።

አባታችን እያሉልን አናጺ ፍለጋ የትም መሄድ አላስፈለገኝም። አባባን ታውቃቸዋለህ፤ ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ያላቸው በከንቱ አይደለም። መሳቢያቸው ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ ካላማራቸው ሌሊት ተነስተው የሚፈቱ ሰው ናቸው። ወርክሾፓቸውን ከዘጉት ግን ቆይተዋል። ለምን ስንላቸው «ዱሮ እንጨት ነበር፤ ዛሬ የሚሸጡት ካርቶን ነው» ይሉናል። የአፈር ሳጥን ይሥሩልኝ ስላቸው መጀመሪያ ተቆጡ፤ እኔ ቁም ሳጥን የምሠራ ሰው አፈር ልሙላ ወይ አሉ። ለእማዬ ነው ስላቸው ግን ቁመቷን እስከ ወገቧ ለክተሽ አምጪልኝ አሉኝ፤ ልክ እንደ ቀሚስ።

እኔ ያሰብኩት ከዕቃ ማሸጊያ ጣውላ የተገጣጠመ፣ በሚስማር መታ መታ የተደረገ ነገር ነበር። እሳቸው ወርክሾፑ ገብተው በሩን ከውስጥ ዘጉ። የመጋዝ ድምፅ ይሰማል፣ ዝም ይላል። የመላጊያ ድምፅ ይሰማል፣ ዝም ይላል። ከዚያ አንድ ዕቃ ወለሉ ላይ ይወድቅና ሲራገሙ እንሰማለን። ላግዝዎት ብዬ ባንኳኳ «ሥራ ላይ ያለ ሰው አይታይም» ብለው መለሱኝ። አንድ ሳምንት ይበቃዋል ያልኩት ሥራ ክረምቱ እስኪገባ ቆየ። አመላቸው ነው ብዬ ተውኳቸው።

በመጨረሻ ባሌን ጠርተው ሦስት ሳጥን አስወጡ። ወይ ጉድ! ወንድሜ፣ ለሠርግ ቢሰጡ አያሳፍሩም። አንዲት ሚስማር የለባቸውም፤ ማዕዘኑ ሁሉ ጥርስ በጥርስ የተነካከሰ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ተፍቀው፣ ስንጥቁ ሁሉ በኮላና በሰጋቱራ ተደፍኖ፣ ከውስጥም ከውጭም ቫርኒሽ ተቀብተው ፊትህን ያሳዩሃል። ውሃ ልካቸውን ጠርዙ ላይ አስቀምጠው አረፋዋ መሃል መቆሟን አንድ በአንድ አሳዩን። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ! ባሌ እየዞረ አይቶ «አባባ፣ እዚህ ውስጥ አፈር ከምንጨምር እኔ ብተኛበት አይሻልም?» አላቸው። እሳቸው ገና አልጨረሱም ነበር። አንድ ባልዲ ውሃ አምጥተው አንደኛው ውስጥ ገለበጡና «አንዲት ጠብታ ካያችሁ ጥሩኝ» ብለው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ጠብ የሚል የለም። አጨበጨብንላቸው። እኔ ሞኟም አጨበጨብኩ።

ጭብጨባው እማዬ ጆሮ ገባ። መጋረጃው ተከፈተ። «ምን አግኝታችሁ ነው?» አለች በመስኮት። ነይና እይ አልናት። በአንድ እጇ ምርኩዟን፣ በአንድ እጇ እኔን ይዛ ወጣች። የሳጥኑን ጠርዝ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ከዚያ አባባን ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸውና የሰው ሙሽራ ሁሉ አልጋ ስትሠራ ኖረህ ለእኔ አንዲት በርጩማ ሠርተህ ታውቃለህ አለቻቸው። አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንጨቱ እስኪደርቅ እየጠበቅኩ ነበር» አሉ።

ባሌ በጭነት መኪናው አፈርና ፍግ አመጣ፤ እኔ ከችግኝ ሻጯ ሰላጣ፣ ቆስጣና ቲማቲም ገዛሁ። እማዬ ራሷ ቆማ ተከለቻቸው። ላብ በግንባሯ ይወርዳል፣ ተቀመጪ ስላት ትቆጣለች፣ ችግኙን አጠጋግተሽ አቀበልሽኝ ብላ ትሰድበኛለች። ስድቧ እንዴት ናፍቆኝ ነበር መሰለህ! ማታ ራት ስትበላ «ጨምሩልኝ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይጠራት ወደ ሳጥኖቿ ትወጣ ጀመር። ያን ሰሞን ደውለህ «ደህና ናት» ያልኩህ ውሸት አልነበረም።

ዝናቡ ሲበረታ ነው የተበላሸው። ሁለት ቀን ሲያወርደው ይከርምና ፀሐይ ስትወጣ ከላይ ያለው አፈር ደርቆ ይሰነጠቃል። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ጎበጠ። እማዬ ጠምቶታል ብላ ውሃ ጨመረችበት። አየህ፣ ዕድሜዋን ሙሉ መሬት ላይ ስትተክል የተረፈው ውሃ የት ይሄዳል ብላ አስባ አታውቅም፤ መሬት ራሱ ይውጠዋላ። ባጠጣች ቁጥር ባሰበት። ቆስጣው ተኛ፣ ሰላጣው ተኛ፣ ቲማቲሙ አንገቱን ደፋ። አንድ ጠዋት እንደተለመደው ወጣች፣ አየች፣ ተመለሰች። መጋረጃው ተዘጋ።

የሞተውን ልነቅል ሄጄ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ብሰድደው ሥሩ ጭቃ ነው፤ ያቆረ ውሃ ይሸታል። ያኔ ነው የገባኝ። ያ ያጨበጨብንለት ሳጥን! ጠብ የማይለው! ቀዳዳ የለውም፤ የዘነበው ሁሉ እዚያው ነው። ችግኙ ሰጥሞ ነው የሞተው። አሁን ይህን ለማን ልንገር? ለእማዬ ብነግራት አባባ ይሰማሉ። ለአባባ ብነግራቸው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ የከፈቱትን ወርክሾፕ መልሰው የሚዘጉት መሰለኝ። ባሌ «አባባ ፀጉራቸውን ሊቆረጡ ሲሄዱ በድብቅ እንብሳው» አለኝ። የሚሊሜትርን ሥራ በድብቅ! የአንዲት ጭረት ቦታ ብትቀየር የሚያውቁ ሰው ናቸው አልኩት። እንዲህ እያልን ስናቅማማ እማዬ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች።

ምሳ ላይ ፈነዳ። እማዬን እንደምንም ለምነን ገበታ ላይ አስቀምጠናታል፤ አባባ ፊት ለፊቷ ናቸው። ምግቡን በማንኪያዋ ወዲያ ወዲህ ስትለው ቆየችና ማንንም ሳታይ «እጄ ሞቷል። የነካሁት ሁሉ ይሞታል፤ ከእንግዲህ አታድክሙኝ» አለች። አባባ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ። «እጅሽ ምንም አልሆነም፣ ሳጥኑ ነው! ቀዳዳ የለውም፣ ውሃው መውጫ አጥቶ ነው ሥሩን ያበሰበሰው!» ብዬ ጮህኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ባሌ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ፤ ምን ዋጋ አለው?

አባባ ተነስተው ወጡ። በመስኮቱ እናያቸዋለን። በካፊያው ውስጥ ሳጥኑ ጋ ቆመው ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፣ አሸተቱት፣ ሱሪያቸው ላይ ጠረጉት። ከዚያ ወርክሾፕ ገብተው በሩን ዘጉ። ለራትም አልመጡ። እማዬ «እውነትሽን ነው?» አለችኝ። እውነቴን ነው አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ «ታዲያ ለእሱ እንዲህ ተብሎ ይነገራል?» ብላ ገሠጸችኝ። ያን ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አላዞረችም። መጋረጃውን ገልጣ የወርክሾፑን በር ስታይ አመሸች።

በማግስቱ ጠዋት ለሥራ ልወጣ ስል የወርክሾፑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አባባ የአንደኛውን ሳጥን አፈር በአካፋ አውጥተው፣ ያችን በእጅ የምትዞረውን መሰርሰሪያ ይዘው በላዩ ጎንበስ ብለዋል። ወለሉ ላይ የቀረው ጥቁር ውሃ ይታያል። የመሰርሰሪያዋ ጫፍ ግን አልረጋ አለች። አንድ ቦታ ያሳርፏታል፣ ትንሸራተታለች፤ መልሰው ያሳርፏታል፣ ትንሸራተታለች። ቦርሳዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ወንድሜ፣ የአባባ እጅ ይንቀጠቀጣል። እንደ ብርድ ሳይሆን ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል። ወርክሾፑን የዘጉት በእንጨቱ ምክንያት አልነበረም። በሩን ቆልፈው የሠሩትም፣ ሻይ ስቀዳላቸው «ግማሹን ብቻ» የሚሉትም ለምን እንደሆነ በአንድ ጊዜ ገባኝ። እነዚያን የተነካከሱ ማዕዘኖች በዚያ እጅ ነው የሠሯቸው። ስንት ጊዜ ተበላሽቶባቸው ስንት ጊዜ እንደገና እንደጀመሩ እሳቸው ይወቁት።

ላግዝ ስጠጋ በዓይናቸው አቆሙኝ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ መስኮቱ «አንቺ ሴትዮ!» ብለው ተጣሩ። «ነይ እስቲ እጄን ያዢልኝ። ብቻዬን አልቻልኩም።» ይህን ቃል ከአባባ አፍ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ ሰምቼ አላውቅም።

መጋረጃው ተነቃነቀ። ብዙ ቆየች። ልገባና ላመጣት ነበር፤ ደግሞ አንድ ነገር ያዘኝና ቆምኩ። የምርኩዟ ድምፅ ተሰማ። በነጠላ ጫማ፣ ፀጉሯን ሳታስር፣ ማንም ሳይደግፋት ደረጃውን ወረደች። ምርኩዟን ሳጥኑ ላይ አስደገፈችና ምንም ሳትጠይቅ የአባባን አንጓ በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘችው። «አዙር» አለቻቸው። አዞሩ። ጣውላው ጮኸ፣ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ወጣ፣ ከዚያ ያ የታቆረ ውሃ ቡልቅ ብሎ በአባባ ጫማ ላይ ፈሰሰ። እማዬ ቁልቁል ጫማቸውን አይታ «ጠብታ ካያችሁ ጥሩኝ ብለህ አልነበር? ይኸው ጠራሁህ» አለች። አባባ ሲስቁ ትከሻቸው እንዴት እንደሚነሳ ታስታውሳለህ? እንደዚያ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ አንጓቸውን ግን አልለቀቀችም። እኔ በሩን ተደግፌ አለቀስኩ፤ ሥራዬም ረፈደብኝ።

ሦስቱንም ሳጥን እንደዚያ ተያይዘው በሱ። አባባ መጀመሪያ ቀዳዳዎቹ እኩል እንዲራራቁ በሜትር ሊለኩ ነበር፤ እማዬ «ውሃው ሜትር አያነብም» ብላ ከለከለቻቸው። እና ቀዳዳዎቹ ጠማማ ናቸው፤ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ። ሰፈርተኛው ሳጥኑን ሊያይ ሲመጣ አባባ ጎንበስ ብለው ከሥሩ ያሉትን ቀዳዳዎች ነው መጀመሪያ የሚያሳዩት። ከሥሩ ጠጠር ደለደልንበትና አፈሩን መለስን፤ እማዬ እንደገና ተከለች።

ሁሉም ነገር ተስተካክሏል አልልህም። ብርድ ባለበት ቀን ጉልበቷ ያማታል፣ ፊቷን ታጨማድዳለች። የዘራችውን ካሮት ሳይደርስ ብትነቅለው እንደ ሱሪ ሁለት እግር አውጥቶ ነው የወጣው። ሰላጣውን ግን በልተን አልጨረስነውም። ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት አይቷት እግሯ ሥጋ መያዙን ነገረን። አባባንም አሳየናቸው፤ ክፉ በሽታ አይደለም፣ የዕድሜ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጣቸው። መድኃኒቱ ትንሽ ይረዳቸዋል፤ ይበልጥ የሚረዳቸው መደበቁ መቅረቱ ነው መሰለኝ። አሁን ሻዩን ሙሉውን እቀዳላቸዋለሁ፤ ቢፈስም ይፍሰስ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ወርክሾፕ ገብተው እሷ ጣውላውን ትይዛለች፣ እሳቸው በመጋዝ ይቆርጣሉ፣ ሲጨቃጨቁ እስከ መንገዱ ይሰማል። በሩ ክፍት ነው።

ስለዚህ ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ ያልከውን ተወው። ፈቃድህ ሲደርስ ከነቤተሰብህ ና፤ ስንበላና ስንሰደብ እንከርማለን። ቀድሜ ስላልነገርኩህም አትቆጣኝ፤ አንተ እዚያ ሆነህ ዱቄቱን በእንባህ ከምታቦካው ብዬ ነው።

ለባለቤትህ «ጉንጭሽን ስማሻለች» በልልኝ፤ ያቺ የሰፋሁላት ቀሚስ ከጠበበቻት አትፈር፣ ልኳን ላክልኝ። ሚጢጢን አቅፈህ እስክትጮህ ሳምልኝ። አባባ ሰላም ብለውሃል፤ የዳቦ ቤቱ መደርደሪያ በምን እንጨት እንደተሠራ እንድትጽፍላቸው ይፈልጋሉ። ባሌ የወገብህን ነገር ሰምቶ እንደ እኔ መኪና እየነዳህ ብትውል ኖሮ ምን ልትሆን ነበር ይልሃል። ልጄ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች በየቀኑ ትጠይቃለች። ሁላችንም ናፍቀንሃል። ልፈርም ስል እማዬ ብዕሩን ከእጄ ቀማችኝ፤ ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው።

ልጄ፣ እህትህ ሁሉን ዘክዝካዋለች፤ ለእኔ የተረፈኝ የለም። እየበላሁ ነው። አባትህም ይበላል። አንተም ብላ። ወረቀቱን ያቆሸሸው የእጄ አፈር ነው። ፊደሌ የተንጋደደው ደግሞ ወንበር ሲያመጡልኝ እምቢ ብዬ ነው። ቆሜ ነው የጻፍኩልህ። እናትህ።

ከጓሯችን፣ ነሐሴ ፲፯ ቀን